የእናቴ የእጥበት እንግሊዝኛ

እናቴ ዘይቡ እንግሊዝኛ የለመደችው ልብስ እያጠበች ነው። በጃንሆይ ዘመን ጅማ ውስጥ ያስተምር ለነበረ አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ስድስት ዓመት አጥባለች፣ ተኩሳለች። የቤቱ እመቤት ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ነበረች። አማርኛ አልተማረችም፣ ኦሮምኛም አልሞከረችም። የምትፈልገውን ሁሉ በራሷ ቋንቋ ቃል እየቆረጠች፣ በጣቷ እያሳየች ታዛለች። በስድስት ዓመት ውስጥ እናቴ የያዘችው ሠላሳ የማይሞላ ቃል ነው። እሱም ከሞላ ጎደል ትእዛዝ ወይም ቁጣ ነው። "ካም ሂር።" "ደርቲ።" "ዋሽ አጌን።" "ኖት ላይክ ዛት።" "ቱ ማች ሶፕ።" "ሀሪ አፕ።" አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሴትዮዋ ጓዟን ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ስትል፣ "ቬሪ ጉድ፣ ዘይቡ" ብላታለች። እናቴ ይህችን ቃል ለማንም አትናገራትም ነበር። ለሰርግ እንደሚቀመጥ ልብስ ሳጥን ውስጥ ያኖረቻት ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ነው። አባቴ አባቦራ በርጩማ ይጠርባል፤ ቀኑን ሙሉ ከእንጨቱ ጋር ሆኖ የሚናገረው ጥቂት ነው። እኔ ፈድሊያ ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የእንግሊዝኛ ግሶችን ከነሦስት መልካቸው በቃሌ ይዤአለሁ፣ ግን ፈረንጅ መንገድ ላይ ቢያስቆመኝ አፌን የምከፍት ሰው አልነበርኩም።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ቅጽ መጣ። "ከላይ ወርዷል" ተባለ። ከየት ላይ እንደሆነ የጠየቀ የለም። በዚያን ጊዜ ከላይ የወረደ ነገር ከየት መጣህ አይባልም፣ ዝናብም ቢሆን። ቅጹን ይዞ በየቤቱ የሚዞረው ዘለቀ የሚባል የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነው። ከጎጃም የመጣ፣ ትሑት፣ ኦሮምኛ የማይሰማ ልጅ። አባቴ ከሠራቸው በርጩማዎች አንዱ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ወረቀቱን ዘረጋ።

"በቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ?" አለ።

"ከማን ጋር?" አለች እናቴ።

"እንዴት ከማን ጋር?"

"ከአባቦራ ጋር ኦሮምኛ ነው። ከልጆቼ ጋር አፌ ላይ የመጣውን። ከአላህ ጋር በዐረብኛ። ከቀበሌ ጋር በአማርኛ።"

"እትዬ፣ መስመሩ አንድ ብቻ ነው" አለ ዘለቀ፣ በልመና ድምፅ።

አባቴ መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ፣ "ስትቆጣ በኦሮምኛ ነው፤ ስትታረቅ በአማርኛ" አለው። "አማርኛውን እኔ የምሰማው አልፎ አልፎ ነው።"

ዘለቀ እስክሪብቶውን ጥቂት ነከሰና "ድብልቅ" ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ እንግሊዝኛ መጣ። ቅጹ ለመልስ ሦስት ቃል ነው ያለው፤ "ምንም"፣ "ትንሽ"፣ "በጣም"። ለአባቴ "ምንም"፣ ለእኔ "ትንሽ" ተጻፈ። ትንሽ መባሌ አናደደኝ። ከዚያ እናቴ ወደ ወረቀቱ አጎንብሳ፣

"ለጎረቤቴ ለመሪማ ልጅ ለኑሪ ምን ብለህ ጻፍክ?" አለች።

መናገር አልነበረበትም፣ ግን ተናገረ። "እናቱ ‘በጣም’ ነው ያሉኝ።"

"ኑሪ! አሥረኛን ሁለት ጊዜ የደገመው ኑሪ? ለእኔም ‘በጣም’ በል።"

"ለእርስዎ?" አለ ዘለቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር፤ ሳቀ።

እናቴ ብድግ አለች። የሸሚዙን ክሳድ አየች፤ የሳምንት ላብ ይዟል። ጣቷን ቀሰረችበት።

"ሎክ! ደርቲ! ካም ሂር! ዋሽ አጌን! ሀሪ አፕ!"

ልጁ ክሳዱን በመዳፉ ሸፈነና በሌላው እጁ "በጣም" ብሎ ጻፈ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ኅዳር ሲገባ የቀበሌው ዘበኛ መጥሪያ ይዞ መጣ፤ ወይዘሮ ዘይቡ በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ጽሕፈት ቤት እንድትቀርብ ይላል። ለምን እንደሆነ አይልም። ወሬው ግን ከዘበኛው ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር፤ "እንግሊዝኛ የሚያውቁት እየተጠሩ ነው። ከኢምፔሪያሊስት ጋር የሚጻጻፍ ሰው እየተፈለገ ነው" ተባለ። መሪማ ሻሿን ሳታስተካክል ወደ ዘለቀ ሮጠች። "የእኔ ልጅ እንኳን እንግሊዝኛ፣ አማርኛውም ይይዘዋል ብለህ አርምልኝ" አለችው አሉ። ኑሪ ራሱ ለሁለት ቀን ሰቶ ሰመሮ ያለች አክስቱ ዘንድ ከረመ።

እናቴ ጋቢ አጠፈች፣ ቆሎ በጨርቅ ቋጠረች። አባቴ ሲያያት ቆየና፣

"ምን አስቸኮለሽ? ‘ትንሽ’ ብትዪ አይበቃም ነበር?" አላት።

"በመሪማ የተነሳ ነው።"

"መሪማ አብራሽ ትታሰራለች?"

እናቴ ቋጠሮውን አጥብቃ ደግማ አሰረችው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሸኩር ነበር። እኛ መንገድ ላይ ያደገ ነው። በልጅነቱ ከግቢያችን ዘይቱን ሲሰርቅ እናቴ ሁለት ጊዜ በአለንጋ ሸኝታዋለች። አሁን ግን ካኪ ለብሷል፣ ከወገቡም አንድ የከበደ ነገር አለ፤ ስለዚህ እርስዎ ይባላል። እናቴ ቆሎዋን ታቅፋ ስትገባ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"አዴ ዘይቡ፣ ለአብዮታዊ ግዳጅ ተመርጠዋል" አላት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሀንጋሪ የመጣ የቡና ማሽን መሐንዲስ ጅማ ሆቴል አርፏል። በማግሥቱ ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሊያይ ነው። እሱ የሚናገረው የአገሩን ቋንቋና ጥቂት እንግሊዝኛ ነው። አብራው የመጣችው አስተርጓሚ ታማ አዲስ አበባ ተመልሳለች። አውራጃው እንግሊዝኛ የሚያውቅ የታመነ ጓድ ሲፈልግ ቅጾቹን አገላበጠና የራሱን የሸኩርን ስም አገኘ። ሸኩር ቅጹን ሲሞላ ለራሱ "በጣም" ብሎ ነበር።

"እኔ መቼም እችለዋለሁ" አለ ሸኩር፣ የመስኮቱን መጋረጃ እያስተካከለ። "ግን አንድ ሊቀመንበር ቁጭ ብሎ ቃል ሲያመላልስ ክብር የለውም። እርስዎ ይተርጉሙ፣ እኔ እቆጣጠራለሁ።"

እናቴ እስር ቤት አለመሆኑን ስትሰማ ደስታው ሌላውን ሁሉ አስረሳት። "ኢንሻአላህ፣ ጓድ ሊቀመንበር" ብላ ወጣች። ደጅ ስትደርስ ነው ነገሩ የገባት። ሸኩር እንግሊዝኛ ካወቀ እያንዳንዷን ቃሏን ሊሰማ ነው። ከፈረንጁ ይልቅ የፈራችው እሱን ነበር። ለምን አስተማሪ እንዳልጠራ ግን አልጠየቀችም። እሱ ደግሞ አስተማሪ ወዲያው ይነቃብኛል፣ ልብስ አጣቢ ግን አትነቃብኝም ብሎ ነበር። ይህን ከዓመታት በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ላስተምራት ሞከርኩ። "እንኳን ደህና መጡ" የሚለውን አሥር ጊዜ አስደገምኳት። በአሥራ አንደኛው፣ "ተይኝ ልጄ፣ አዲስ ቃል ሲገባ አሮጌው እየወጣ ነው" አለችኝ።

በማግሥቱ ላንድሮቨር መጣ። መሐንዲሱ ሚስተር ያኖሽ የሚባል፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ግዙፍ ሰው ነው። ከፊት ከሾፌሩ ጋር ተቀመጠ፤ እናቴና ሸኩር ከኋላ። በዚያ ሁሉ የጠጠር መንገድ እናቴ ሸኩር እስኪጀምር ትጠብቃለች። ሸኩር እሷ እስክትጀምር ይጠብቃል። ፈረንጁ ዞር ብሎ አንድ ነገር ባለ ቁጥር ሁለቱም እኩል ፈገግ ይላሉ። አንድ ጊዜ በጫካው መካከል ዝንጀሮዎች መንገድ ሲያቋርጡ ፈረንጁ በጣቱ አሳይቶ ብዙ ተናገረ። እናቴ ወደ ሸኩር ዞረች። ሸኩር ለዝንጀሮዎቹ ራሱን ነቀነቀ።

ጣቢያው ደረሱ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከመሐል አገር የተመደበ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ኦሮምኛ በዞረበት ያልዞረ ሰው ነው። ንግግሩን በወረቀት አዘጋጅቷል።

"ጣቢያችን" አለ፣ "በሠራተኞቻችን አብዮታዊ ርብርብ የዘንድሮውን ዕቅድ አንድ መቶ አሥራ ስምንት በመቶ በማከናወን ግንባር ቀደም ሆኗል። ይተርጎምልኝ።"

ለእናቴ በስድስት ዓመት ውስጥ እመቤቷ ስለ በመቶ አንድም ቀን ተናግራት አታውቅም። እናቴ ሸኩርን አየችው። ሸኩር ኮረብታውን ያያል።

"ትንሽ ልይ፣ ከዚያ እናገራለሁ" አለች በአማርኛ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያም ጊዜ ለማግኘት ወደ ማድረቂያ አልጋዎቹ ሄደች። እዚያ ሴቶች የታጠበውን ቡና እያገላበጡ መጥፎውን ይለቅማሉ። ጫፍ ላይ ያለችው ወርቂቱ ትባላለች፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷም ከእጇ የማያንስ። በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ፤ እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆች፣ ከብቶች፣ ዝናቡ። ከዚያ እናቴ ስለ ሥራው ጠየቀቻት።

"ምን ሥራ አለ፣ የገማ ስንለቅም እንውላለን እንጂ" አለች ወርቂቱ። "ገንዳው አይታጠብማ! የትናንቱ ቡና ሥሩ ተጣብቆ ሳለ የዛሬው ከላይ ይደፋበታል። ውኃ እናፍስስ፣ እንፈግፍገው ብለን ለሥራ አስኪያጁ በእጃችን ስናሳየው ‘ቀን አታባክኑ፣ ዕቅድ አለ’ ይለናል። ሂጂና አሽትቺው።"

እናቴ ሄደች። ቡናው ከተፈለፈለ በኋላ በፍሬው ላይ የቀረው ዝልግልግ እስኪለቅ የሚያድርበት የሲሚንቶ ገንዳ ነው። አጎነበሰች። ተዘፍዝፎ የተረሳ ልብስ ውኃው ምን እንደሚሸት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀና ስትል ፍርሃቷ ጠፍቶ ነበር። እዚያ ጣቢያ ውስጥ ከደረሰች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለምታውቀው ነገር ልትናገር ነው።

"ሚስተር!" ብላ ተጣራች። "ካም ሂር!"

ፈረንጁ መጣ። ሥራ አስኪያጁና ሸኩር ተከተሉት።

"ስሜል" አለችው፣ ወደ ገንዳው እያሳየች።

አጎነበሰ። አፍንጫውን ይዞ ቀና አለ። "ባድ" አለ።

"ደርቲ" አለች እናቴ። "ኖ ዋሽ። ሀሪ አፕ፣ ሀሪ አፕ፣ ኖ ዋሽ!" ሀሪ አፕ ባለች ቁጥር ጣቷ ሥራ አስኪያጁ ላይ ነው።

"ኤቭሪ ዴይ?" አላት።

ይህችን ታውቃታለች። እመቤቷ የባሏ ካልሲ በየቀኑ እንዲታጠብ ታዝ ነበር። "ኤቭሪ ዴይ" አለች። "ኤቭሪ ዴይ ኖ ዋሽ።"

የሰውየው ፊት በራ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጣቢያው በመቶ ሲደፋበት ከርሟል። ቡናው ለምን እንደሚገማ የነገረው ሰው አልነበረም። ደግሞም የእሱ እንግሊዝኛ ከመጽሐፍ የተለቀመ፣ የተቆራረጠ ስለነበር እንደ እናቴ ግልጽ አድርጎ የተናገረው ሰው አላገኘም። "ዬስ! ዬስ!" እያለ የገንዳውን ማፍሰሻ አስከፈተ። ውኃው ወጥቶ ሲያልቅ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የሚፈግፍግበት መጥረጊያ ይዞ፣ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አነሣ። ጫማው ጭቃ ነበር።

"ኖ!" ብላ ጮኸች እናቴ። "ሹዝ አውት!"

ግዙፉ ሰው ቆመ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውንም አወለቀ። በነጭ ባዶ እግሩ ገብቶ መፈግፈግ ጀመረ። እናቴ ከገንዳው አፋፍ ላይ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ኖት ላይክ ዛት! ስሎውሊ! ሎክ፣ ደርቲ! ዋሽ አጌን!"

እሱም ዋሽ አጌን ወዳለችበት ማዕዘን ይዞራል። ሴቶቹ አልጋውን ትተው መጡ። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ወርቂቱ ተጨማሪ መጥረጊያ ይዛ ዘላ ገባች፤ ሌሎች ሁለት ተከተሏት።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሸኩር ተጠጋ። "ጓድ ሸኩር፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ምንድን ነው የምትለው?"

"ስለ ዕቅዱ እያስረዳች ነው" አለ ሸኩር።

"ዕቅዱ ውስጥ እንግዳ ገንዳ ይገባል የሚል አለ?"

"የሀንጋሪ አሠራር ነው።"

ሸኩር በዚህ ቢያመልጥ ጥሩ ነበር። ግን ፈረንጁ ከገንዳው ወጥቶ፣ እግሩን እያራገፈ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ መጣና ረጅም ጥያቄ ጠየቀው። ሸኩር "ዬስ" አለ። ፈረንጁ ግራ ገብቶት ደግሞ ጠየቀ። ሸኩር "ኖ" አለ። ሦስተኛ ሲጠይቀው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ሥራ አስኪያጁ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያያል።

እናቴ ያን ጊዜ ገባት። ይህን ስታወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ቆም ትላለች፤ "ልተወው ነበር፣ ወላሂ ልተወው ነበር" ትላለች። ስንት ስብሰባ ላይ ፀሐይ ላይ አስቁሟታል፣ የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ሲመጣ ስንቴ "አልቋል" አስብሏታል። ግን ፊቱን ስታየው ዘይቱን በኪሱ ሞልቶ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ልጅ ሆነባት።

እመቤቷ ሕፃን ልጇ ሲያመው ለእናቴ የምትላት ነገር ነበር። "ሂ ሲክ" አለች እናቴ፣ በመካከላቸው ገብታ። "ኖ ኖይስ።"

ፈረንጁ አዘነ። ወደ ላንድሮቨሩ ሮጦ ከቦርሳው የአዝራር ያህል ነጭ ክኒን አወጣ፤ ውኃም ቀዳ። ሸኩር ክኒኑን አየ፣ ሥራ አስኪያጁን አየ፣ እናቴን አየ። ምርጫ አልነበረውም። ሁሉም እያዩት ዋጠው። የምን መድኃኒት እንደነበር እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሸኩር ታሪኩን ሲያወራ ክኒኑን ይዘለዋል፤ እናቴ ግን አትዘለውም።

ሲመለሱ ፈረንጁ ከፊት፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ተኝቷል። ሾፌሩ የአዲስ አበባ ሰው ስለሆነ እናቴ በኦሮምኛ ጀመረች።

"ሸኩር።"

"አቤት፣ አዴ።" ጓድ የሚለውን ሁለቱም ትተውታል።

"እንግሊዝኛ አታውቅም።"

"ክኒኑ ነው ምላሴን የያዘኝ።"

"ከክኒኑ በፊትስ?"

ሸኩር ወደ መስኮቱ ዞረ። በኋላ፣ "እርስዎ ግን ያውቃሉ" አላት፣ በተሸነፈ ድምፅ።

"ምኑን አውቃለሁ? ያለኝን ሁሉ ዛሬ ጨርሻለሁ። ነገ ቢወስዱኝ የምጨምረው አንዲት ቃል የለኝም።"

ሸኩር መጀመሪያ ሳል አስመሰለው። ከዚያ አልቻለም። ሁለቱ እየተደጋገፉ ሲስቁ ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው፤ ፈረንጁም ነቅቶ፣ ታማሚው በመዳኑ ተደሰተ።

መሐንዲሱ በማግሥቱም እሷኑ ፈለገ፤ በሳልስቱም። ስድስት ቀን ተመላለሰች። ያው ሠላሳ ቃል በቃው፤ ገንዳው በየቀኑ ይታጠባል፣ ወርቂቱ የምትለቅመው የገማ ፍሬ ከእፍኝ አነሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን ለአውራጃው የክስ ደብዳቤ ጻፈ። አስተርጓሚዋ የወዳጅ አገር እንግዳ አዋርዳለች፣ ጫማ አስወልቃለች፣ የጣቢያውን ስኬት አልተረጎመችም ይላል። ያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ወረቀት ሰው ጠፍቷል። አባቴ ለሦስት ቀን አልጠረበም። በራፍ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ዋለ።

አውራጃው ደብዳቤውን ለቀበሌያችን መራው። እንግሊዝኛ የሚያውቅና በቦታው የነበረ ጓድ ምስክርነት እንዲሰጥ ይላል። ያ ጓድ ማን ነው? ሸኩር። ቢክዳት እሷም ትናገርበታለች፤ ያን ያውቃል። ግን እኔ ሸኩር በዚያ ብቻ የጻፈ አይመስለኝም። በራሱ እጅ እንዲህ ብሎ መለሰ፦ "እኔ እንግሊዝኛ በሚገባ የማውቅ በመሆኔ ቃል በቃል ተከታትያለሁ። ትርጉሙ አንዲት ፊደል አልጎደለበትም። ጫማ የማውለቁ ነገር የእንግዳው አገር የሥራ ባህል ነው።" ማህተም መታበት። ክሱ እዚያው ሞተ።

በሁለተኛው ሳምንት የታመመችው አስተርጓሚ ድና ከአዲስ አበባ መጣች። ንግሥት ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ሬዲዮ የሚፈስስ ልጅ። እናቴ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ወደ ባልዲዋ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁም ተደሰተ። በመቶውን ሁሉ አንድ ሳይቀር ተናገረ፣ ንግሥት አንድ ሳይቀር ተረጎመች፣ መሐንዲሱ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በአራተኛው ቀን ገንዳው እንደገና ገማ። መሐንዲሱ ለምን ብሎ ጠየቀ። ንግሥት ጥያቄውን አሳምራ አቀረበች። ሥራ አስኪያጁ "የአየሩ ጠባይ ነው" አለ። ንግሥት መልሱን አሳምራ መለሰች።

በእሑድ ቀን ፈረንጁና ንግሥት ቤታችን መጡ። ሰውየው የአባቴ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ ደረሰ። አባቴ እንጨቱን እንጂ ሰውየውን አላየውም፤ ይሰበር ይሆን ብሎ ነው።

"ዋሽ አጌን የሚሉትን እናት እፈልጋለሁ ነው የሚለው" አለች ንግሥት። ትንሽ ቅር ብሏታል። "እኔ ሁሉንም ነገር በትክክል ነው የምተረጉምለት።"

"አውቃለሁ ልጄ" አለች እናቴ። "አንቺ የሚነግሩሽን ትተረጉሚያለሽ። የሚነግርሽ ሰው ነው ትክክል ያልሆነው። ኦሮምኛ ትሰሚያለሽ?"

"አልሰማም፣ እማማ።"

"ገንዳውን የሚያጥቡት ሁሉ ደግሞ የሚያወሩት በሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ አልሰማ፣ አንቺ አልሰማሽ፣ ማን ይንገረው?"

ንግሥት ለፈረንጁ ተረጎመችለት። እሱም እናቴን አይቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታና በጥንቃቄ፣ "ቬሪ ጉድ፣ ዘይቡ" አለ። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ጥቂት ቆየች። እኔ ውኃ ልቀዳ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ሻሿን ደጋግማ ታስራለች።

ከዚያ በኋላ በለቀማው ወራት ሁሉ ሁለቱ አብረው ሄዱ። ወርቂቱ በኦሮምኛ ትናገራለች፤ እናቴ ለንግሥት በአማርኛ፤ ንግሥት ለመሐንዲሱ በእንግሊዝኛ። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ይዘገያል፣ ግን ይደርሳል። ውኃ የሚያንሰው ለምን እንደሆነ፣ የትኛው የማሽኑ ጥርስ ፍሬ እንደሚቀጠቅጥ፣ ማታ ቡና የሚደርሰው ለምን ዘግይቶ እንደሆነ፣ ሁሉም ደረሰ። የንግሥት ቅሬታም በረደ። አንድ ቀን በመንገድ ላይ እናቴን ኦሮምኛ አስተምሪኝ ስትላት እናቴ ደስ አላት። ያስተማረቻትም እሷ በተማረችበት መንገድ ነው፤ ነይ፣ እጠቢ፣ ቶሎ በይ እያለች። ስለዚህ ንግሥት ኦሮምኛዋ ለብዙ ጊዜ ቁጣ ቁጣ ይል ነበር።

መሐንዲሱ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁሉም ገንዳው አጠገብ ቆመው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም አለ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በዚያው በሚያበራ ጫማው። ወርቂቱ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ ሥራ አስኪያጁን በጎን እያየች፣ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች። "ገንዳውን አጥበን ጨርሰናል። አሁን የቀረን እሱን ራሱን መዘፍዘፍ ነው። አንድ ሌሊት ቢያድር ይለቃል።"

መጀመሪያ የሳቁት ሠራተኞቹ ናቸው። እናቴ እንባዋን እየጠረገች ለንግሥት በጆሮዋ ነገረቻት፤ ንግሥት ጎንበስ ብላ ሳቀች። ንግሥት እንደ ምንም ብላ ለመሐንዲሱ አደረሰችለት፤ የሱ ሳቅ ከዛፍ ላይ ወፍ አስነሣ። ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየ። እንግዳው እየሳቀ ዝም ማለት አይሆንም። አፉን ከፈተና ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ፣ ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ።